ሹትል ጨረቃ ያልሄደው ለምንድነው? «ሰው ከምድር ምህዋር ወጥቶ አያውቅም» ላለው ጽሁፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሁፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው፣ ለኔም ስንቱ ሰው ላከልኝ መሰላችሁ። ጭብጡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ስፔስ ሹትል (አሜሪካ ሰውና ዕቃ ወደ ህዋ ታመላልስበት የነበረው መንኮራኩር) ጨረቃ ሄደ ከተባለው ከአፖሎ በኋላ ተሰርቶ፣ ከአፖሎ ገዝፎ፣ ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ በርሮ አንድም ቀን ከምድር ከ620 ኪሎሜትር ገደማ በላይ አልራቀም። ኢንተርናሽናል ስፔስ ስቴሽን የሚባለው 400 ኪሎሜትር ላይ ነው። የራሺያው ሶዩዝ፣ የስፔስኤክሱ ድራገን፣ የቦይንጉ ስታርላይነር ሁሉም እዚያው ሰፈር ናቸው። ታዲያ አዲሶቹ ያልቻሉትን አሮጌው አፖሎ እንዴት ቻለው? የጸሐፊው መልስ፦ አልቻለም፣ ከ1968 እስከ 1972 ጨረቃ ሄድን የተባለው ድራማ ነው፣ መሃል ላይ የማይታለፍ የቫን አለን ጨረር አለ፣ የናሳ ሰዎችም ራሳቸው አፋቸው አምልጧቸው አምነዋል።

ከተለመደው የሴራ ወሬ ይሄኛው ይሻላል ልበል፣ ቁጥሮቹ አብዛኞቹ ትክክል ናቸው፣ ሰውየው ከኪሱ አላወጣቸውም። ያሳተው ሁሉንም ነገር በኪሎሜትር መለካቱ ነው። መንኮራኩር እስከየት ይሄዳል ሲባል ጥያቄው ስንት ፍጥነት መጨመር ይችላል፣ ሲመለስስ ስንት ፍጥነት ማራገፍ ይችላል ነው፣ ርቀቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ነጥብ በነጥብ እንየው። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ሹትል ይበልጣል፣ ይዘምናል፣ ታዲያ ምን አገደው?»

መጀመሪያ ምህዋር ላይ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ፣ ጽሁፉ ገና ከመነሻው የሚንሸራተተው እዚህ ጋር ነውና። ብዙ ሰው መንኮራኩር ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ስበት የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ እዚያ ይንሳፈፋል ብሎ ነው የሚያስበው። ስበት አያልቅም። 400 ኪሎሜትር ላይ ያለው የምድር ስበት እዚህ እኛ ጋር ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ስቴሽኑ መሬት የማይመጣው ወደ ጎን በሰከንድ 7.7 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚሮጥ ነው፣ በሰዓት አላልኩም በሰከንድ ነው፣ እንደውም ሁሌም እየወደቀ ነው ግን በወደቀ ቁጥር ክቡ መሬት ከስሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል። ስለዚህ ሮኬት ሲተኮስ ከምታዩት እሳት አብዛኛው የሚያልቀው ከፍ ለማለት ሳይሆን ያንን ሩጫ ለማግኘት ነው።

ከዚያ ወደ ጨረቃ ለመሄድስ? በሰከንድ 7.8 የነበረው ወደ 10.9 ኪሎሜትር ማደግ አለበት፣ በቃ። ያንን ካገኘህ ኢንጅንህን አጥፍተህ ሶስት ቀን መንሸራተት ነው። ርቀቱን ካየህ ከ620 ወደ 384,000 ኪሎሜትር ነው፣ ከስድስት መቶ እጥፍ በላይ፣ ያስደነግጣል፤ ፍጥነቱን ካየህ ግን የተጨመረው በሰከንድ 3.1 ኪሎሜትር ነው። ግድግዳው ያ 3.1 ነው። ሹትል ምህዋር ከገባች በኋላ መጨመር የምትችለው 0.3 ገደማ ነበር፣ ከሚፈለገው አንድ አስረኛ።

ለምን እንዲህ አነሰ ካላችሁ የሹትልን ፎቶ አስታውሱ፦ አውሮፕላን የምትመስለው ነጯ፣ ሆዷ ስር የተለጠፈው ትልቅ ብርቱካንማ ታንክ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ሮኬቶች። ሁለቱ ሮኬቶች በሁለት ደቂቃ ነዳጃቸውን ጨርሰው ይወድቃሉ። ታንኩ ከ700 ቶን በላይ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይዞ ይነሳና ስምንት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ላይ ባዶውን ይጣላል። ከጅራቷ ስር የሚታዩት ሶስቱ ትላልቅ ኢንጅኖች የሚጠጡት ከዚያ ታንክ ነው፣ የራሳቸው ሌላ ታንክ የላቸውም፣ ታንኩ ከተጣለ በኋላ እነሱም ጭነት ናቸው፣ ህዋ ላይ ዳግም እንዲነሱ ሆነውም አልተሰሩም። የሚቀራት ጅራቷ አካባቢ ባሉት ሁለት ጉብታዎች ውስጥ ያለ 10 ቶን ገደማ ነዳጅና ሁለት ትናንሽ ኢንጅን ነው፣ የነሱ ስራ ደግሞ ምህዋሩን ማስተካከልና መጨረሻ ላይ ፍጥነት ቀንሶ ወደ ቤት መመለስ ነው። መቶ ቶን የሚመዝን ነገር በ10 ቶን ነዳጅ ሲገፋ ያው 0.3 ነው የሚወጣው። ሹትል አዲስ መሆኗ፣ ኮምፒውተሯ የተሻለ መሆኑ፣ ሰባት ሰው መጫኗ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

በነገራችን ላይ የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት፣ በዲሴምበር 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው፣ 70 ኪሎ የምትመዝነው፣ የገባችበት ምህዋር 630 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። በጸሐፊው ሂሳብ ከሄድን ሹትልን በልጣታለች ማለት ነው።

«ነዳጅ ከሞላህለት ይሄዳል»

ጽሁፉ ውስጥ ሰው በጣም የወደደለት ይሄን ይመስለኛል፦ ደብረ ዘይት የሚደርስ መኪና ነዳጅ ከሞላህለት ጅማም ይደርሳል፣ ሹትልም ከምር መንኮራኩር ቢሆን ነዳጅ ሞልተው ይልኩት ነበር። ለመኪና ልክ ነው። መኪና ግን መንገዱ ላይ ማደያ አለለት፣ ፉል ሲያደርጉትም ክብደቱ ያን ያህል አይቀየርም። ሮኬት ላይ ግን የምትጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ራሱ የሚገፋ ጭነት ነው፣ እሱን ለመግፋት ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ያንን ለመግፋት ደግሞ ሌላ። ሂሳቡን ሲዮልኮቭስኪ የሚባል ራሺያዊ የትምህርት ቤት አስተማሪ በ1903 አሳትሞታል፣ እስካሁን ከሱ ያመለጠ ሮኬት የለም።

እስቲ ሻካራ ስሌት እንስራ። መቶ ቶን የምትመዝነዋን ሹትል በሰከንድ 3.1 ኪሎሜትር ለማፍጠን፣ ጥሩ የሚባለውን የሃይድሮጅን ኢንጅን ብትጠቀም እንኳ፣ ምህዋር ላይ ሌላ 100 ቶን ገደማ ነዳጅ ይፈልጋል። ይሄ ጨረቃን ዞሮ ለመመለስ ብቻ ነው። እዚያ ምህዋር ውስጥ ገብተህ ልቆይ ካልክ ስትደርስ ፍጥነት መቀነስ አለብህ፣ ጨረቃ አየር ስለሌላት በፓራሹትም በክንፍም አይሆንም፣ በኢንጅን ብቻ ነው፣ ስትወጣም እንደገና ኢንጅን፣ ይሄ ሲደመር ነዳጁ 200 ቶንን ያልፋል። አንዷ ሹትል ወደ ምህዋር ይዛ መውጣት የምትችለው ጭነት ደግሞ 25 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ አንዷን ለመላክ ሌሎች ስምንት ዘጠኝ በረራዎች ነዳጅ ብቻ ጭነው መውጣት አለባቸው፣ ታንኩን ሳንቆጥር፣ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ካልተያዘ ተንኖ እንደሚያልቅም ሳንቆጥር። እነ ሹትል በጣም በበረሩበት ዓመት፣ በ1985፣ የበረሩት ዘጠኝ ጊዜ ነው። የዓመቱ በረራ በሙሉ ለአንድ ጉዞ ነዳጅ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ጨረቃ የሚደርሰው ደግሞ ምንድነው? ክንፍ፣ ጅራትና የማረፊያ ጎማ፣ አየርም ማኮብኮቢያም የሌለበት ቦታ።

አፖሎ ግን ሌላ መንገድ ነው የሄደው፣ ስራውን የጨረሰ ነገር ሁሉ ይጣላል። ሳተርን 5 የተባለው የአፖሎ ሮኬት ከመሬት ሲነሳ 2,900 ቶን አካባቢ ነበር፣ ወደ ጨረቃ የሚወረወረው 45 ቶን ገደማ፣ ባህር ላይ የሚያርፈው ሶስት ሰው የያዘ አምስት ቶን ገደማ የሆነ ካፕሱል ነው። ቁልፉ ያለው ሶስተኛው ደረጃ ላይ ነው፦ ምህዋር ሲገባ ከግማሽ በላይ ነዳጁን ይዞ ነው የሚገባው፣ ምድርን አንዴ ተኩል ያህል ዞረው ሁሉንም ቼክ ካደረጉ በኋላ እንደገና ይነሳና ስድስት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ይነዳል፣ ያ 3.1 የሚመጣው ከዚያች ስድስት ደቂቃ ነው። ሹትል ያልነበራት ይቺን ናት። ዘመናዊነት ጥሩ ነው ግን ነዳጅ አይሆንም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሳው ደግሞ ሹትል ዕቃ ከምድር ምህዋር ውጭ መላኳን ነው። በ1989 አትላንቲስ የተባለችው ሹትል ማጄላን የተባለውን ሰው አልባ መንኮራኩር ወደ ቬነስ፣ በዚያው ዓመት ጋሊሊዮን ወደ ጁፒተር ጉዞ አስጀምራለች፣ በ1990 ደግሞ ሌላዋ ሹትል ዲስከቨሪ ዩሊሲስን። የጭነት ክፍሏን ከፍታ ታወጣቸዋለች፣ ራቅ ትላለች፣ ከዚያ ከስራቸው የተገጠመው ሮኬት ይተኩሳል። ጋሊሊዮ ጁፒተር ደርሶ ዓመታት ሰርቷል። እና ከሹትል ላይ ተነስቶ ከምህዋር መውጣት ይቻላል፣ መቶ ቶኑን ይዞ ነው የማይቻለው።

«መመለስማ ቀላል ነው፣ መውደቅ ነው»

ይቺን በአንድ መስመር ነው ያለፋት፣ ለኔ ግን የጽሁፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው። የያዝከው ፍጥነት በሙሉ መሬት ከመድረስህ በፊት የሆነ ቦታ መራገፍ አለበት፣ በኢንጅን ልቀንስ ካልክ ቅድም ያሰላነው ነዳጅ እንደገና ሊመጣ ነው፣ ስለዚህ የሚያስቆምህ አየሩ ነው፣ አየሩ ሲያስቆምህ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ከምድር ምህዋር የሚመለስ በሰከንድ 7.8 ኪሎሜትር አካባቢ ይገባል፣ ከጨረቃ የሚመለስ በ11። ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ 40 በመቶ የፍጥነት ልዩነት ማለት የሚራገፈው ጉልበት እጥፍ ነው ማለት ነው።

የሹትል ሆድ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቁር የሲሊካ ታይሎች የተለበጠ ነው፣ እነሱ የሚችሉት እስከ 1,260 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አፍንጫዋና የክንፏ ጠርዝ ላይ ያለው ግራጫው የካርቦን ቁስ ደግሞ 1,650 አካባቢ። የተሰሩትም ሳይቃጠሉ ለሚቀጥለው በረራ ድጋሚ እንዲያገለግሉ ነው። የአፖሎ ካፕሱል ታችኛው ገጽ ላይ ግን ወደ 2,700 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይገጥመው ነበር፣ ዘዴውም ሌላ ነው፣ አቭኮት የሚባል እየከሰለ፣ እየተፋቀ፣ ሙቀቱን ይዞ የሚሄድ ልባስ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ በአይናችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ፣ የአፖሎ 11 ካፕሱል ዋሽንግተን መሃል ያለው የስሚዝሶኒያን የአየርና የህዋ ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ዲስከቨሪን ደግሞ በ2012 ያስገቧት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ያለው ሌላኛው የሙዚየሙ ህንጻ ውስጥ ነው። የካፕሱሉን ታች አይታችሁ የታይሎቹን ስስነት ስታዩ ሹትልን በ11 ኪሎሜትር አስገቧት የሚል ሀሳብ ራሱ ይዘገንናችኋል።

ደግሞ ኮሎምቢያ የተባለችው ሹትል አለች። በፌብሩዋሪ 2003 ሰባት ሰው ይዛ ስትመለስ የተበታተነችው ስትነሳ ከታንኩ የተላቀቀ ፎም የግራ ክንፏን ጠርዝ ስለበሳው ነው፣ ትኩሱ ጋዝ በዚያች ቀዳዳ ገባ። ይሄ የሆነው ከምድር ምህዋር ስትመለስ ነው፣ በትንሹ ፍጥነት። ከጨረቃ ቢሆን ምንም ሳይበሳ ራሱ አይችለውም።

ይሄ የአሜሪካኖች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ስቴሽን የሚመላለሰው ሶዩዝ የተወለደው ጨረቃ ታስቦ ነው። በሴፕቴምበር 1968፣ ሰው ይዞ ጨረቃን ከዞረው ከአፖሎ 8 ሶስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሶቪየቶች ዞንድ 5 ብለው የጠሩትን የሶዩዝ ወንድም ኤሊዎች ጭነው ጨረቃን አዙረው መልሰውታል፣ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ነው ያረፈው። ግን ያንን ለማድረግ የሶዩዝን የፊት ክፍል፣ ክቡን ጭንቅላት የሚመስለውን፣ ክብደት ለመቀነስ አውጥተው ጥለውታል፣ የሙቀት መከላከያውን አወፍረዋል፣ ከስሩም በጣም ትልቁን ፕሮቶን ሮኬት አድርገዋል። መልኩ ሶዩዝ ነው፣ ውስጡ ሌላ መንኮራኩር ነው። ጸሐፊው «ሶዩዝ ከምህዋር ወጥቶ አያውቅም» ሲል ሰው የጫነውን ማለቱ ከሆነ ልክ ነው፣ የሶዩዝ ቤተሰብ አይችልም ማለቱ ከሆነ ግን ኤሊዎቹ ቀድመውታል።

ጉዳዩ ዛሬም ቀላል አይደለም። ኦራየን የተባለው የናሳ አዲሱ ካፕሱል በ2022 ሰው ሳይዝ ጨረቃ ደርሶ ሲመለስ ልባሱ በታሰበው መንገድ በእኩል ከመክሰል ይልቅ ቦታ ቦታ ላይ እየተቆረሰ ነው የወጣው፣ ውስጡ የታፈነ ጋዝ መውጫ አጥቶ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። መውደቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ምርመራ ምን ይሰራል።

«የቫን አለን ጨረር አያሳልፍም»

ምድርን የከበቡት የጨረር ቀበቶዎች አሉ፣ ጄምስ ቫን አለን የተባለ ሳይንቲስት በ1958 ኤክስፕሎረር 1 የተባለች ሳተላይት ላይ በጫነው መሳሪያ ነው ያገኛቸው። ጽሁፉ ግን እንደ አጥር ነው የሚያወራቸው። ጨረር ዋናው ጥያቄው ውስጡ ስንት ሰዓት ቆየህ ነው። እዚያ ገብተህ ብዙ ብትከርም ያበቃልሃል፣ አፖሎዎች ግን በትልቅ ፍጥነት፣ ወፍራሙን ክፍል በሚሸሽ አቅጣጫ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው ያለፉት። ከሁሉም ትልቁን የተቀበሉት የአፖሎ 14 ሰዎች ናቸው፣ በአማካይ 1.14 ራድ (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ። ስቴሽን ላይ ስድስት ወር የሚቆይ ጠፈርተኛ ከዚያ ብዙ እጥፍ ተቀብሎ ነው የሚመለሰው፣ እሱ ደግሞ በጸሐፊው አባባል «ከጨረሩ በታች በሰላም የሚኖረው» ነው።

በ2014 አንድ የናሳ ኢንጂነር በቪዲዮ ላይ፣ ሰው በዚያ ከማለፉ በፊት የጨረሩን ችግር መፍታት አለብን ብሏል፣ ጽሁፉም ይሄን እንደ ኑዛዜ ይዞታል። ልጁ የሚያወራው ስለ ኦራየን ነው፣ ያኔ ገና ሰው ስላልተጫነበት አዲስ መንኮራኩር። የዛሬ ቺፕ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አንድ ቅንጣት ስትመታው ዳታው ሊዛባ ይችላል፣ ስለዚህ እዚያው ውስጥ አስገብተህ መሞከር አለብህ፣ ሞከሩትም፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እስከ 5,800 ኪሎሜትር ድረስ ልከውት ተመልሷል። በ2022ቱ ጉዞ ደግሞ ሄልጋና ዞሃር የተባሉ የሴት ቅርጽ ያላቸው አሻንጉሊቶች የጨረር መለኪያ ተሞልተው ሄደዋል፣ ዞሃር እስራኤል ውስጥ የተሰራ የጨረር መከላከያ ጃኬት ለብሳ ነበር።

ሊያስፈራን የሚገባው እንደውም ሌላ ነው፣ የጸሀይ ማዕበል። በኦገስት 1972 በአፖሎ 16ና በ17 መሃል ከባድ ማዕበል ነበር፣ ያኔ ጨረቃ ላይ ሰው ቢኖር ክፉኛ ይጎዳ ነበር። ስቴሽን ላይ ያሉትን የምድር ማግኔት በብዙው ይሸፍናቸዋል፣ ከዚያ የወጣን ሰው ማንም አይሸፍነውም። ለምድር ምህዋር የተሰራ መንኮራኩር ለዚህ መጠለያ የለውም። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሳ ኖሮ ጥሩ ነጥብ ይሆንለት ነበር።

«ስቴሽኑ ላይ ለምን ኢንጅን አይገጥሙበትም?»

400 ኪሎሜትር ከአዲስ አበባ ባህር ዳር እንኳን አይሞላም ብሎ ይቀልዳል። ስቴሽኑ 420 ቶን ገደማ ነው፣ ቅድም ባየነው ሂሳብ የሱን ክብደት የሚያህል ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ምህዋር ላይ ማውጣት ይጠይቃል፣ መሄጃውን ብቻ። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወጥተው በመገጣጠሚያ የተያያዙ ናቸው፣ የሶላር ፓነሎቹ ረጃጅም ክንፎች ናቸው፣ ጠንከር ያለ ግፊት ሲመጣ ይሰበራሉ። ምግብና ውሃ ደግሞ በየጊዜው ከታች ነው የሚላክለት። እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፣ የተሰራው እዚያው እንዲቆይ ነው።

«የኢለን መስክ ድራገን እንኳ አልቻለም»

ይሄኛው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ድራገን ክንፍ የለውም፣ ከባድ አይደለም፣ ካፕሱል ነው፣ እና ለምን አይሄድም? የሙቀት መከላከያው ፒካ ከሚባለው የናሳ ፈጠራ የመጣ ነው፣ ያው ፒካ ስታርደስት የተባለችዋን ትንሽ መንኮራኩር በ2006 በሰከንድ 12.9 ኪሎሜትር ስትገባ አድኗታል። ቁሱ ይችላል ማለት ነው። ስፔስኤክስም በፌብሩዋሪ 2017 ሁለት ሰው በድራገን ጭነን በፋልከን ሄቪ ሮኬት ጨረቃን እናዞራለን ብሎ ነበር፣ በዓመቱ መስክ ሀሳቡን ቀይሮ ጉልበታችንን በትልቁ ሮኬት፣ ዛሬ ስታርሺፕ በሚባለው ላይ እናውላለን አለ።

ታዲያ ዛሬ ያለውን ድራገን ይዘህ ለምን አትሄድም? የራሱ ነዳጅ በሰከንድ ጥቂት መቶ ሜትር ነው የሚጨምርለት፣ ያ ስቴሽን ለመድረስና ለመመለስ በቂ ነው፣ ወደ ጨረቃ የሚያስፈነጥረው ሌላ ሮኬት ከስሩ መኖር አለበት፣ የሚበርበት ፋልከን 9 ደግሞ ለዚያ ከባድ ነገር አቅም የለውም። የአየርና የውሃ አቅርቦቱ ለጥቂት ቀናት ነው፣ ስቴሽኑ ላይ ከተለጠፈ ወራት ይቆያል ግን የሚተነፍሱት የስቴሽኑን አየር ነው። መገኛውን የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው፣ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ራሳቸው 20,200 ኪሎሜትር ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ምድር አዙረዋል፣ ከዚያ ስታልፍ በሌላ ዘዴ መንገድ መፈለግ አለብህ። ሬዲዮውም እንደዚሁ፣ ከጨረቃ አካባቢ ለማውራት ካሊፎርኒያ፣ ማድሪድና ካንቤራ ያሉትን የናሳ ግዙፍ ዲሾች ማናገር የሚችል ሬዲዮ ይፈልጋል። እና ደግሞ ሰው የሚረሳው፦ ከምድር ምህዋር የሆነ ነገር ቢበላሽ በሰዓታት ውስጥ መሬት ትወርዳለህ፣ ከጨረቃ መንገድ ላይ ግን ቀናት ነው፣ አፖሎ 13 ኦክስጅን ታንኩ ከፈነዳ በኋላ ወደ ቤት ለመድረስ አራት ቀን ገደማ ፈጅቶበታል፣ ያዳናቸውም የጨረቃ ማረፊያዋ ሁለተኛ መንኮራኩር አብራ ስለነበረች ነው። ስታርላይነርን ይሄ ሁሉ በእጥፍ ይመለከተዋል፣ በ2024 ሰዎቹን ስቴሽን አድርሶ መልሶ ለማምጣት ራሱ አልታመነም፣ በድራገን ነው የተመለሱት።

ድራገን ቆሞ ቀርቷል የሚለው ግን ስህተት ነው። በሴፕቴምበር 2024 ፖላሪስ ዶውን የተባለው በረራ አራት ሰው ይዞ 1,400 ኪሎሜትር ደርሷል፣ ከአፖሎ ወዲህ ሰው ያልደረሰበት ከፍታ ነበር፣ የቫን አለንን የታችኛውን ጠርዝ ነክተው ተመልሰዋል፣ ጸሐፊው ማንም አይነካውም ያለውን። ከዚያ በፊት ምድርን ለመዞር ብቻ ከተላኩት ሁሉ ከፍ ብሎ የወጣው ጄሚኒ 11 የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ነበር በ1966፣ 1,370 ኪሎሜትር አካባቢ፣ እሱም ህዋ ላይ ባገኘው ሌላ ሮኬት ተገፍቶ ነው።

«ጠፈርተኛው ራሱ ቴክኖሎጂው የለንም ብሏል»

ዶን ፔቲት ነው፣ ቪዲዮውን ሁላችንም አይተነዋል። ጨረቃ አሁኑኑ እሄድ ነበር፣ ያ ቴክኖሎጂ ግን ከእጃችን ወጥቷል አይነት ነገር ነው ያለው። የጠፋው እውቀቱ አይደለም። ሳተርን 5 ከ1967 እስከ 1973 አስራ ሶስት ጊዜ ተተኩሷል፣ ከዚያ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ሰራተኞቹ ተበተኑ፣ የቀሩት ሮኬቶች ሂውስተን፣ ሀንትስቪልና ፍሎሪዳ ላይ ተጋድመው ሰው ፎቶ ይነሳባቸዋል። በ2013 የናሳ ወጣት ኢንጂነሮች ኤፍ-1 የሚባለውን የሳተርን 5 ኢንጅን ፈታተው ከፊሉን ክፍል እንደገና አስነስተውታል፣ ይሰራል። የሚቸግረው ያንን ሮኬት ደግሞ የማምረቱ ወጪ ነው፣ በ1966 ናሳ ከአሜሪካ በጀት 4 በመቶ በላይ ይወስድ ነበር፣ ዛሬ ግማሽ በመቶ አይደርስም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ሳያውቀው እውነተኛ ጥያቄ አጠገብ ደርሶ ነበር። በ1969 ለፕሬዚዳንት ኒክሰን የቀረበው እቅድ ሹትልን ብቻ አልነበረም፣ ስቴሽን ነበረው፣ ከምድር ምህዋር ወደ ጨረቃ የሚመላለስ ጎታች መንኮራኩርም ነበረው፣ ሹትል እዚያ ድረስ ሰውና ዕቃ የምታወጣ ተሸካሚ ብቻ ናት። በጃንዋሪ 1972 የጸደቀው ተሸካሚዋ ብቻ ናት፣ የምታገለግለው ሌላው ነገር ሁሉ ተሰረዘ፣ ስቴሽኑ ራሱ መገንባት የጀመረው በ1998 ነው። ሹትል ከምህዋር ያልወጣችው ከተሰረዘው እቅድ ውስጥ ያንን ስራ የሚሰራው ሌላው ክፍል ስለነበረ ነው። ጸሐፊው የ14 ጠፈርተኞች ህይወት ያለፈበትና 30 ዓመት የፈጀ ፕሮግራም፣ ከጅምሩ እዚያው ምድር ደጅ ላይ እንደሚቀር እየታወቀ፣ ዋጋው ይገባው ነበር ወይ ብሎ ቢጽፍ መልስ አልጽፍለትም ነበር፣ ሼር ነበር የማደርገው።